እማማን ሳይጭን የሄደው መኪና

ይድረስ ከዓይኔ ርቃ ከሆዴ ላልወጣችው ለእታለሜ ለጣይባ፤ አሰብ።

አሰላሙ አለይኩም እታለሜ። እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ያ የመንጋጋ ጥርስሽ ተነቀለ ወይስ እስካሁን ግማሽ ፊትሽን እያሳበጠ ያሰቃይሻል? የአሰብ ፀሐይስ እንዴት ይዟችኋል? ባለፈው «እንቁላል አሸዋ ላይ ብታስቀምጪው ይበስላል» ብለሽ የጻፍሽውን ለሰፈሩ ሁሉ አንብቤ አንድም ሰው አላመነኝም። ባልሽ ጀማሉዲንስ ወገቡ ተሻለው? ወደቡ ላይ ጆንያ ሲሸከም ቀስ ይበል። እኔን ሳያስፈቅድ ስለወሰደሽ ገና ይቅር አላልኩትም፤ ግን ወገቡ እንዲሰበር አልፈልግም በይው። ትንሿ ሳፊያስ አሁንም ዳዴ ትላለች ወይስ ቆማ ሄደች? እኔ ሳላያት ከሄደች አኩርፋለሁ ብዬሻለሁ፤ አኩርፌያለሁ።

እኔን ከጠየቅሽኝ አልሐምዱሊላህ፣ አካሌ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እንደ ድሮዬም እቆጣለሁ። ዛሬ ግን የምቆጣው ሰው አጥቼ ነው የምጽፍልሽ። አባባ ሥራ ናቸው። ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለችው አንዲት ዶሮ ናት፤ እሷም ቦታው አዲስ ሆኖባት ከመጣን ጀምሮ እንቁላል አልጣለችም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። በላቸው የሚባል የነዳጅ ቦቴ ሹፌር አለ፤ በየሳምንቱ አሰብ ይመላለሳል፤ አባባ መንገድ ላይ ተዋውቀውት ነው። በእጁ ያደርስልሻል፤ ስለዚህ እንደልቤ ነው የማወራሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ፊደሌንም አይተሽ አትሳቂ። ባለፈው ደብዳቤሽ ትምህርቴን ስላቋረጥኩ አንድ ገጽ ሙሉ ሰድበሽኛል፤ ይገባኛል። መምህሩ ሰው ፊት «ደንቆሮ» ሲለኝ ደብተሬን በመስኮት የወረወርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ በዪ ስባልም እምቢ ያልኩት እኔው ነኝ። ዛሬ የምነግርሽ ግን ከዚያ የባሰውን ነው። ምላሴ ምን እንዳደረገ ነው የምነግርሽ።

ቤት ለቀናል እታለሜ። የደሴው፣ የሆጤው ቤታችን አሁን ሌላ ሰው ይኖርበታል። አባባ በሰኔ ኮምቦልቻ አዲሱ ፋብሪካ ጥበቃ ሆነው መቀጠራቸውን ጽፌልሽ ነበር። ማሽኑ ገና ከሳጥን ሳይወጣ ነው እሳቸው ሳጥኑን መጠበቅ የጀመሩት። ታዲያ በየጊዜው ከደሴ የሐረጎን ዳገት መውጣት መውረዱ አሰለቻቸው። ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ወደ ደሴ ተዛውሮ ኖሮ፣ የቀበሌ ቤቱን በቀበሌ ቤት መቀየር ይፈልጋል ተባለ። አባባ ሄደው አዩና «ሦስት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው» አሉ። እኔ ቧንቧ የሚለውን ስሰማ ሌላውን አልሰማሁም። ቦኖ ላይ ተሰልፌ የስንቷን ፀጉር እንደነጨሁ ታውቂያለሽ።

አባባ ፈቃድ የሚያገኙት ዓርብ ብቻ ነው። «አንቺ ሥራ የለሽም፣ ትምህርት የለሽም፤ እስቲ ቤቱን እንኳ ሰብስበሽ አውርጂልኝ» አሉኝ። ስድብ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሹመት ቆጠርኩት። ያንኑ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሬን አወጣሁ፤ ግማሹ አልተጻፈበትም። በአንዱ ገጽ የሚሄደውን፣ በአንዱ ለጎረቤት የሚሰጠውን፣ በሌላው የሚጣለውን መዘገብኩ። እያንዳንዱ ጥቅል ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት በክር አሰርኩ። ቁጥር አንድ የብረት አልጋው፣ ቁጥር ሁለት የአባባ ሳጥን፣ ቁጥር ሦስት የውኃው በርሜል። በርሜሉ ውስጥ ብርጭቆውንና ሰሃኑን በገለባ አቅፌ ከተትኩት፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ አንድም አልተሰነጠቀም። ከቀበሌ መሸኛ የማወጣው እኔ፣ የስኳሩን ካርድ የማዛውረው እኔ፣ ገመድ የምለምነው እኔ። ወላሂ እታለሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አንድ ነገር እችላለሁ ብዬ ነበር።

የእማማ ልብ ግን ከመጀመሪያውም አልተነሳም። እናታችን ሞታ፣ ልጃቸውን አባባን ሊያግዙ፣ እኛን ሊያሳድጉ ከኩታበር ሲመጡ እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አስራ ሰባት ሞልቶኛል። ያን ሁሉ ዘመን የሆጤ ቅሬ፣ የቀብር እድሩ ውስጥ ናቸው። «በዚህ ሰፈር የማንን ሬሳ ነው ያልሸኘሁት? እስላም አልል፣ አማራ አልል፣ ሁሉንም አልቅሼ ቀብሬያለሁ። እዚያ ብሞት ማን ያውቀኛል?» አሉ። እኔ «እማማ፣ መጀመሪያ እንኑርበት፤ መሞቱ ይደርሳል» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ቀጥለው «መደቤንስ ስንት ቁጥር ሰጠሽው?» አሉኝ። ያ ግድግዳው ሥር ያለ የጭቃ መደብ፣ አንቺም እኔም ከጎናቸው ተኝተን ያደግንበት። «ጭቃ አይጫንም፤ እዚያ ሌላ እንሠራለን» አልኩ። «አንቺ ልትሠሪ? አንቺ እንኳን መደብ ሻሽሽንም በቅጡ አታስሪ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ግን ገና እየቀለዱ ነበር።

አንድ ቀን ወረቀት ሳስር አጠገቤ ተቀምጠው ያዩኛል። «ይህስ?» ይላሉ። «ቁጥር ዘጠኝ።» «ያኛውስ?» «ቁጥር አስር፣ እማማ።» «እኔስ?» እኔ ደግሞ አላርፍም፤ «እርስዎ ቁጥር አስራ ሁለት ነዎት፤ ጋቢና ውስጥ ነው የምጭንዎት» አልኩና ደብተሩ ላይ ስማቸውን ጻፍኩ። ቀልዴን ነበር። እማማ ፊደል አይለዩም፤ ስማቸው ሲጻፍ ግን ዓይናቸው እስክሪብቶው ላይ ነበር።

አሁን ስለ አያ ጀላል ላንሳብሽ። የእማማ ታናሽ ወንድም ሰፈራ ሄደ ብዬ አምና የጻፍኩልሽ ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ በፖስታ ስለነበር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ኩታበር ገበያው ላይ እህል ይታደላል ተባለ። አያ ጀላልም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ጆንያ ይዞ ወጣ። እዚያ ስሙ ከወረቀት ላይ ተጠራ፤ ሸራ የለበሰ መኪና ላይ ውጡ ተባሉ፤ ወጡ። አሶሳ ይሁኑ ወለጋ፣ ይኑሩ ይሙቱ፣ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልመጣም። እማማ ይህን የሰሙ ዕለት አላለቀሱም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን መኪና ሲያልፍ ቆመው ነው የሚያሳልፉት። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው እንግዲህ የተናገርኩት።

መኪናው ሐሙስ ይመጣል ተብሎ ነበር። እሑድ ዕለት ውኃ ቀድቼ ስመለስ፣ እማማ ሦስቱን ጥቅል ፈትተው ዕቃውን ሁሉ እየቦታው መልሰውታል። ሙቀጫው ጥጉ ላይ፣ ሰሌኑ መደቡ ላይ፣ ፋኖሱ ሚስማሩ ላይ። ያሰርኳቸውን ወረቀቶች ሰብስበው ምድጃው አጠገብ ቆልለዋቸዋል። ወገቤ ተቆርጦ፣ ጀሪካኑ ገና ከጀርባዬ ሳይወርድ ይህን ሳይ ዓይኔ ጨለመ። «ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ። «ቤቴን አስተካከልኩ» አሉኝ ረጋ ብለው። መረጋጋታቸው ነው ያቃጠለኝ። «እምቢ ካሉ ጓድ ደምመላሽን ጠርቼ ነው የማስጭንዎት!» ብዬ ጮህኩ። ጓድ ደምመላሽ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነው፤ መሸኛውን የሚጽፍልኝ እሱ ነው። ካኪ ለብሶ መዝገብ አቅፎ ሲመጣ እኔ ራሴ የምስቅበት ሰው ነው።

እማማ ሰሌኑን ራሳቸው ከመደቡ ላይ አነሱት። እኔ ደግሞ ያሸነፍኩ መስሎኝ ጥቅሎቹን መልሼ ማሰር ጀመርኩ። ገመዱ አልጠብቅ ሲለኝ መጥተው ጫፉን ያዙልኝ እታለሜ። ይህን ነው የማልረሳው። ስሸክፍ ጫፉን ያዙልኝ።

ሐሙስ የተባለው መኪና ማክሰኞ ከች አለ። ሹፌሩ ሐሙስ ሌላ ጭነት ይዣለሁ አለ። ሸራ የለበሰ መኪና ነበር፤ ለዕቃዬ ፀሐይ አይነካውም ብዬ ደስ አለኝ። እሱ ዕቃ ማስጫን ሲጀምር ጓድ ደምመላሽ ደግሞ ቤቱን ሊረከብ መዝገቡን ይዞ መጣ። በሩ ላይ ቆመና «በዚህ ቤት ስንት ነፍስ ነው የሚለቀው? ስም በስም ጥሪልኝ» አለ። እኔም ክፍል ውስጥ ተነሺ እንደተባለ ተማሪ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁ። የአባባን፣ የእኔን፣ የእማማን። እማማ ጓዳ ነበሩ። የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው በጓሮ በር ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። ለዙሁር ሊታጠቡ ነው ብዬ ነው።

ዕቃው ተጭኖ አለቀ፤ እማማ የሉም። ሹፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ «ልጅት፣ እዚህ ልታሳድሪኝ ነው?» ይለኛል። ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ አልጣሽ ደጅ ሄድኩ። ሁሌ ገቢ ገቢ የምትል ሴትዮ በሯ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ «አላየሁም» አለችኝ፤ ያውም ፊቷን አዙራ። መስጊድ ሄድኩ፣ የቅሬው ዳኛ ቤት ሄድኩ፣ መካነ መቃብሩ ድረስ ሮጥኩ። ማንቆርቆሪያቸው ጓሮ፣ የቆሻሻው ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ውኃው ሙሉ ነው። አልታጠቡበትም።

ሹፌሩን ሂድ አልኩት። ዕቃው ብቻውን ወረደ። አባባን ሹፌሩ ከፋብሪካው በር ወስዷቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ተረከቡ። አስራ አንዱ ቁጥር ወረደ፤ አስራ ሁለተኛው የለም፤ እኔም የለሁ። እኔ ባዶው ቤት ውስጥ ነበርኩ። ቤት ባዶ ሲሆን እንዴት እንደሚያስተጋባ አታውቂም፤ ሳስነጥስ ሌላ ሰው ያስነጠሰ መስሎኝ ዘወር አልኩ። ወዲያው ቤት የቀየሩን ሰዎች ከነዕቃቸው ደረሱ። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፤ «አይዞሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ሻይ ልስጥሽ አለችኝ። ግን እያናገረችኝ ምንጣፏን በእማማ መደብ ላይ አነጠፈች። ወጥቼ ሄድኩ።

እትዬ አልጣሽ ሁለት ቀን ቤቷ አስተኛችኝ፣ አበላችኝ፣ አላወራችኝም። በሦስተኛው ቀን ነው የፈነዳችው። «አንቺ እሳት! አሮጊት አስፈራርተሽ ስታበቂ አሁን ታለቅሻለሽ? በእኔ ጓሮ ነው የወጡት። ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ አስመስዬ፣ ዳቦ አስይዤ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። "ልጅቷ ስሜን ለደምመላሽ ሰጠችው" ብለው ጓሮዬ ሲገቡ ምን ልበላቸው? ማርያምን፣ እኔም ብሆን እሸሽ ነበር» አለችኝ። «የት ሄዱ?» ብቻ አልኩ። «የት ይሄዳሉ? አገራቸው ነዋ።»

በማግስቱ ኩታበር ወጣሁ። የሚሄድ የጭነት መኪና ነበር፤ አልተሳፈርኩም፤ በእግሬ ነው የሄድኩት። የአያ ጀላልን ደጅ ታስታውሺው የለም? ያ ሁሉ ከብት፣ ያ ሁሉ ጫጫታ? አሁን አጥሩ ለማገዶ ተነቅሏል። የጣራው ሣር ባንድ በኩል ተንሸራቶ ወርዷል። መሬቱን ገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ሰው ሰጥቶት ገብሱ እስከ ደጃፉ ተዘርቷል። እማማ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ያን የፈረሰ ቤት ጠርገውታል፣ በእበት ለቅልቀውታል። እማማ ብዬ ልስማቸው ስጠጋ አልተነሱም። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ መንገዱ አዩና «መኪናው የታለ?» አሉኝ።

እታለሜ፣ እኔ ዱላ አልቸገረኝም። አባባ በቀበቶ ብለውኛል፤ አንቺም በጥፊ አልሽኝ፤ መምህሩም በአለንጋ። እንዲህ ያመመኝ ግን የለም። «መኪና የለም እማማ፤ በእግሬ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ከኋላሽ ማን አለ?» «ማንም።» «ወላሂ በዪ።» «ወላሂ።» አላመኑኝም። እስከ አሱር ድረስ ዓይናቸው ከመንገዱ አልተነቀለም። አስር ጊዜ እግራቸውን ያጠብኩላቸው፣ ጥፍራቸውን የቆረጥኩላቸው እኔ፣ እኔን ፈርተው ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ደብተሩን ይዤው ሄጄ ነበር። ገጹን ከፍቼ «ይኸው፣ የዕቃ ዝርዝር ነው፤ ሌላ ነገር አይደለም፤ እርስዎን የጻፍኩት ለቀልድ ነው» አልኳቸው። «የቱ ነው የኔ?» አሉ። በጣቴ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩትና «ስሜ ይችን ታህላለች?» አሉ። ገጹን ቀድጄ ልቦጫጭቀው ስል እጄን ያዙኝ። ተቀብለውኝ አራት ላይ አጠፉት፤ ሻሻቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። «እኔ ዘንድ ከሆነ የሚጠራው የለም» አሉ። ከዚያ ነው ትንሽ የቀለላቸው። ተነስተው የገብስ ቆሎ አመጡልኝ፤ «ብይ፣ አጥንት ሆነሻል» አሉኝ።

«አፉ ይበሉኝ እማማ፣ ተቆጥቼ ነው» አልኩ። «አፉ ብዬሻለሁ፤ ባልልሽ ቆሎዬን አበላሽ ነበር?» አሉ። ደስ ብሎኝ «እንግዲያው እንሂድ፤ በአውቶቡስ እንወርዳለን፤ መኪናውንም አያዩት» ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግሬ አይወጣበትም ልጄ። ጀላል ሲወጣ "ማታ እመለሳለሁ፤ ጥጃዋን ከላሟ እንዳታገናኟት" ብሎ ነው አሉ የወጣው። ላሟም የለች፣ ጥጃዋም የለች። እሱ ቢመጣ ሰው ከሌለበት ወዴት ብሎ ይገባል? አንቺ ቤት አለሽ፤ አባትሽ ቤት አለው፤ ሰው የሌለው ይህ ነው» አሉኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትመልሺ ነበር? ጎበዝ የተባልሽው አንቺ ነሽ።

እንግዲህ ብቻዬን ኮምቦልቻ ወረድኩ። ቤቱ አባባ እንዳሉት ነው፤ ሦስት ክፍል፣ ብሎኬት፣ ቧንቧ። ጥቅሎቹን እየፈታሁ ዕቃውን ቦታ ቦታ አስያዝኩ። ሲያልቅ ደግሞ አየሁትና ደስ አላለኝም፤ አነሳሁና እንደገና አስቀመጥኩ። ለእማማ በመስኮቱ በኩል ያለውን ክፍል ነበር ያሰብኩት፤ ባዶውን ነው። በሩን እዘጋዋለሁ፤ ንፋስ ይከፍተዋል። ሙቀቱ ከደሴ ለመጣ ሰው አይጣል ነው፤ ዝንቡ ደግሞ ከሰው ጋር ይማከራል። ጎረቤቶቹ ከየአገሩ ለፋብሪካው የመጡ ናቸው፤ ጠዋት በር ይቆልፋሉ፣ ማታ ይከፍታሉ። ቧንቧው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ውኃ ስቀዳ የሚያጋፋኝ የለም፤ የምሰድበውም የለም። አንዳንዴ ሞልቶ እስኪፈስ ቆሜ አየዋለሁ። ከደጃችን ባሻገር የአሰብ መንገድ ነው፤ መኪናው ሁሉ ወደ አንቺ ይሄዳል። ቆሜ እቆጥራለሁ፤ ሰው ካየኝ ዶሮ የምፈልግ እመስላለሁ።

አባባን ስትጠይቂ፣ ሲመጡ ይበላሉ፣ ሬዲዮ ይከፍታሉ፣ ይተኛሉ። ስለ እማማ ስነግራቸው መጀመሪያ የጮሁት እኔ ላይ ነው፤ ተገቢ ነው። ከዚያ ዓርብ ጠብቀው ራሳቸው ኩታበር ሄዱ። እናታቸው አይደሉ? እግራቸው ላይ ወድቀው ለመኑ። እማማ «አንተ ሂድ፤ ሥራህን እንዳያስለቅቁህ» ብለው መርቀው መለሷቸው። ሥራውን ቢለቁ የቤቱን ኪራይ የሚከፍሉበት የላቸውም፤ የሆጤውን ደግሞ ሰጥተነዋል። ከዚያ ወዲህ አባባ ስለ እማማ አንስተው አያውቁም። ሬዲዮውን ግን ከድሮው ከፍ አድርገው ነው የሚሰሙት።

ባለፈው ቅዳሜ እኔም እንደገና ኩታበር ወጣሁ። እማማ የግራ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለዋል። ምንጩ ገደሉ ሥር ነው፤ ውኃ ተሸክመው ሲወጡ አዳልጧቸው ወድቀው ነው። መሬቱን የተሰጠው ሰውዬ ሚስት ናት ያነሳቻቸው። ደግ ሴት ናት፤ በየጠዋቱ አንድ ነገር ሳትይዝላቸው አትቀርም፤ የሰው መሬት እያረሱ ዓይን ለዓይን መተያየት ከብዷቸው ነው መሰለኝ። «ምነው አልላኩብኝም?» ብዬ እንደ ልማዴ ጮህኩ። ስጮህ እማማ ፊታቸውን በእጃቸው ከለሉ። እንደሚመታ ሰው። እኔን!

ያኔ ነው የቆረጥኩት እታለሜ። እማማ ወደ ቤት የማይመጡ ከሆነ እኔ ነኝ የምሄደው። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ፤ ሄጄም ልቀመጥ ነው። ውኃ እቀዳለሁ፤ የጣራውን ሣር ከክረምት በፊት አስከድናለሁ፤ አያ ጀላል ከመጣ ሁለታችን እንቀበለዋለን፤ ካልመጣም ሁለት ሆነን እንጠብቃለን። ቁጣዬንም እዚያው ገደሉ ላይ እየጮህኩ እጨርሰዋለሁ፤ ቤት አላስገባውም።

ለአባባ የነገርኳቸው ትናንት ነው። ይቆጣሉ ብዬ መልሴን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። «ቧንቧ ብለሽ ስትጨፍሪ አልነበር?» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ሦስቱን ክፍል በየተራ አዩና «እኔስ ይህን ቤት ለማን ነው ያመጣሁት?» አሉ። ዛሬ ጠዋት ሥራ ሊሄዱ ሲወጡ ጥቅሌን አዩት። አስተሳሰሩ አላማራቸውም መሰለኝ፣ ፈትተው የራሳቸውን ብርድ ልብስ ጨመሩበትና ራሳቸው አሰሩት። «ለእናቴ ነው» አሉ። አስረው ሲጨርሱም ቶሎ አልሄዱም።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ለእኔ አትጨነቂ፤ ለአባባ ጻፊላቸው። በየሳምንቱ በበላቸው እጅ ላኪ፤ ስለ ሳፊያ ጻፊ፣ ስለ ባሕሩ ጻፊ፣ ስለ ጥርስሽም ቢሆን ጻፊ፤ ብቻ ረዘም ይበል። ከተቻለ ለአረፋ ልጅሽን ይዘሽ ነዪ፤ አንድ ክፍል ባዶ አለልሽ። እኔን ፍለጋ ስትመጪ ደግሞ ከደሴ በእግርሽ ውጪ፤ በመኪና እስከ ደጅ እንዳትደርሺ፤ አደራ።

ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለጀማሉዲን፣ ወገቡን ይጠብቅ። ለሳፊያዬ፣ ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ መጥፎ ምላስ አላት ግን ትወድሻለች በያት። ለአማትሽ፣ ዱአ እንዳይረሱኝ። እትዬ አልጣሽ ሰላም ብላሻለች፤ እኔን ሳይሆን አንቺን ነው የምታምነው፤ ለእኔ የሚደርስ ነገር ካለሽ ደሴ እሷ ዘንድ ላኪው። አባባ «ደህና ነኝ በያት» ብለዋል፤ አትመኚያቸው። እማማ ግን ሰላም በያት አላሉኝም። እንደምጽፍልሽ አያውቁም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ በእጄ ካዩ እንደገና የሚርቁኝ ይመስለኛል። ስለዚህ እዚያ አልጽፍም። ደብተሩን ለአባባ ትቼላቸዋለሁ። ከእንግዲህ ደብዳቤ ባይደርስሽ ታመመች፣ ሞተች፣ አኮረፈች አትበዪ። ወረቀት ሳልይዝ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ ማለት ነው።

እህትሽ ረሂማ
ኮምቦልቻ፤ ረቡዕ፣ ኅዳር 4 ቀን 1978 ዓ.ም.